የጅማን ከተማ ጽዱና ውብ ለማድረግ ስለሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በጅማ ሰፈሮች በጽዳትና በውበት ሥራ ለመሳተፍ የሚፈልጉ፣ ወይም በራሳቸው ሰፈር ቡድን ለማቋቋም የሚያስቡ ነዋሪዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የጅማን ዝናብ፣ የጅማን ገበያና የጅማን ወንዞች ታሳቢ አድርገው የተጻፉ ስለሆኑ ለሌላ ከተማ እንዳሉ ሊያገለግሉ አይችሉም።

ግብርም የቆሻሻ ማንሻ ክፍያም እየከፈልን ለምን በነጻ እንድናጸዳ እንጠየቃለን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ቆሻሻን ሰብስቦ፣ አጓጉዞ በአግባቡ ማስወገድ የከተማ አስተዳደር ኃላፊነት መሆኑ በ1999 ዓ.ም. ከወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ጀምሮ በሕግ የተቀመጠ ነው። በጎ ፈቃደኞች ይህን ኃላፊነት ከአስተዳደሩ ትከሻ ላይ ለማውረድ የሚሠሩ ከሆነ ከተማዋን እየጎዱ ነው። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡት የተደራጁ ማኅበራት አባላትም ከዚያ ሥራ የዕለት ኑሯቸውን የሚያገኙ ሰዎች በመሆናቸው፣ እነርሱ የሚከፈሉበትን ሥራ በነጻ መሥራት እንጀራቸውን መንካት ይሆናል።

ለበጎ ፈቃደኛ የሚቀረው ማንም ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ነው። ከአጥር ውጭ ያለው ዲች (የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ)፣ የወንዝ ዳርቻ፣ ባለቤት አልባ የሆነ ባዶ ቦታ፣ ተተክሎ ውሃ የሚያጠጣው ያጣ ችግኝ እና ከሁሉም የሚከብደው ጎረቤትን የማሳመን ሥራ የዚህ ዓይነት ናቸው። ሕጉም ቢሆን ሁሉንም ነገር ለአስተዳደሩ አልተወም፤ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ቆሻሻ ለይቶ ማስቀመጥ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ግዴታ እንደሆነ ይደነግጋል።

ከሁሉም በፊት የቱን ሥራ እንጀምር?

ዲች መጥረግን። ብዙ ቡድኖች ዋናውን መንገድ በመጥረግ ይጀምራሉ፤ መንገድ ሲጠረግ ወዲያው ስለሚታይ፣ ፎቶ ለማንሳትም ስለሚመች ምርጫቸው አያስገርምም። ይሁን እንጂ በጅማ ከተማ ቆሻሻን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዘዋውረው ዋናው ነገር ዝናብ ነው። ከተማዋ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን፣ ዝናቡም በክረምት ብቻ ሳይወሰን ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ጠዋት በመንገድ ዳር የተጣለ ፌስታል ከሰዓት በኋላ በሚጥለው ዝናብ ዲች ውስጥ ይገባል፤ ዲቹ ከተደፈነ ውሃው በየቤቱና በየሱቁ ደጃፍ ይተኛል፤ ካልተደፈነ ደግሞ ፌስታሉን ይዞ ወደ አዌቱ ይወርዳል።

አዌቱ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው። እርሱና የቂቶ ወንዝ ከከተማው የሚቀበሉትን ሁሉ ይዘው ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ውሃው ወደ ግልገል ጊቤ ይቀጥላል። በግልገል ጊቤ ላይ በ1996 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመርተው ግድብ እንዳለ ልብ ይሏል። ስለዚህ በጅማው መርካቶ አካባቢ የተጣለ ጠርሙስ የመርካቶ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ከታች ባለው ረግረግ ከብት የሚያሰማራውን፣ ሣር የሚያጭደውንና አትክልት የሚያለማውን ሰው ሁሉ ይነካል። ረግረግ ከከተማ የሚወርደውን ደለልና ፍሳሽ በማጣራት የሚሰጠው አገልግሎት ትልቅ ቢሆንም፣ ፕላስቲክን የሚያጣራበት ተፈጥሯዊ መንገድ ግን የለውም፤ ያከማቻል እንጂ አያጠፋም።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው፤ የዓመቱ ትልቁ የጽዳት ሥራ መሠራት ያለበት በጥርና በየካቲት፣ ማለትም ዲቹ ደረቅ በሆነበትና የበልጉ ዝናብ ባልጀመረበት ጊዜ ነው። በሐምሌ የሚደረግ ዘመቻ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ዝናቡ ቀድሞ የወሰደውን መልሶ አያመጣም።

ዲች ሲጠረግ መጠንቀቅ ያለብን ምንድን ነው?

በጣም የተለመደው ጉድለት የወጣውን ደለል በዲቹ ጠርዝ ላይ ከምሮ መሄድ ነው። አንድ ብርቱ ዝናብ ሲጥል የተከመረው ሁሉ ወደነበረበት ይመለሳል፤ የሰዎቹም ድካም ከንቱ ይቀራል። ደለሉ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ አንድ ቀን ያህል ከጠርዙ ራቅ ብሎ ይቆይ፤ በማግስቱ በጋሪ ይነሳ። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በማግስቱ የሚመጣው ጋሪ ወይም ተሽከርካሪ መገኘቱ መረጋገጥ አለበት። ጋሪ ካልተገኘ ዘመቻውን ማራዘም ይሻላል።

ጠረጋው ከታች ወደ ላይ፣ ማለትም ውሃው ከሚወጣበት ጫፍ ተጀምሮ ወደ መነሻው ቢሄድ ይመረጣል፤ የታችኛው ከተከፈተ የላይኛው ውሃ ሥራውን ያግዛል። የሲሚንቶ ክዳን ያለው ዲች ከሆነ ክዳኑን ለማንሳት ቢያንስ ሁለት ጠንካራ ሰዎችና ብረት ዲጂኖ ያስፈልጋሉ፤ ከተጠረገ በኋላም ክዳኑ በዚያው ዕለት ሳይመለስ ማደር የለበትም፣ ምክንያቱም ማታ መብራት በሌለበት መንገድ የሚሄድ ሰው ወይም ባጃጅ ሊገባበት ይችላል። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ወደ ዲቹ ተቀጥሎ ከተገኘ ግን ሥራው መቆምና ለቀበሌ መነገር አለበት፤ ያ የበጎ ፈቃደኛ ሥራ አይደለም።

ለጽዳት የትኛው ቀንና ሰዓት ይመቻል?

በጅማ የእስልምናና የክርስትና እምነት ተከታዮች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ ዓርብ ቀትር ላይ ወይም እሑድ ጠዋት የሚጠራ ሥራ ግማሹን ሰው ያስቀራል። ቅዳሜ ማለዳ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። በረመዳን ወር ሥራው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትበረታ ቢያልቅ፣ ከባድ የቁፋሮ ሥራም ለሌላ ወር ቢቆይ ተገቢ ነው። ሐሙስ ትልቁ የገበያ ቀን በመሆኑ በሂርማታ ገበያ አካባቢ የሚሠራ ቡድን ከሐሙስ ማታ ወይም ከዓርብ ማለዳ ውጭ ሌላ ቀን መምረጡ ብዙም ትርጉም የለውም።

ጥሪው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን። በቴሌግራም የተላለፈ መልእክት ወጣቶችን ያመጣል፤ እናቶችንና አባቶችን የሚያመጣው ግን የዕድሩ ለፋፊ፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ማሳሰቢያ ነው።

የሰበሰብነው ቆሻሻ የት ይሄዳል?

ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ጽዳቱ ቆሻሻን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ማዛወር ብቻ ይሆናል። በአገራችን ከተሞች ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝና የአቮካዶ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ቅጠልና ሣር። ይህ ክፍል ከፌስታልና ከጠርሙስ ጋር ሲቀላቀል ሁለቱም ጥቅም ያጣሉ። ስለዚህ በጽዳቱ ቀን ሦስት ዓይነት ማዳበሪያ ከረጢት ይዘጋጅ፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ሁለተኛው ለሚሸጠው፣ ሦስተኛው ወደ ገንዳ ለሚሄደው።

የሚሸጠው ሃይላንድ፣ ጀሪካን፣ ቆርቆሮ፣ ብረትና ካርቶን ሲሆን ገዢውን መፈለግ አያስቸግርም፤ ቆራሌው ራሱ በየሰፈሩ ይዞራል። ገንዘቡ ለጓንት መግዣ ሊውል ይችላል፤ ዘወትር ከዚያ ሥራ የሚኖሩ ልጆች በሰፈሩ ካሉ ግን ጠርሙሱን ለእነርሱ መተው የተሻለ ይመስለናል።

የሚበሰብሰው ወደ ኮምፖስት ይለወጣል፤ ለዚህ ደግሞ ጅማ የታደለች ከተማ ናት። ጥሩ ኮምፖስት እርጥብና ደረቅ ነገር ተመጣጥነው እንዲገቡበት ይፈልጋል። እርጥቡ ከወጥ ቤትና ከገበያ ይመጣል፤ ደረቁ ደግሞ በየእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ እንደ ኮረብታ የተከመረው ሰጋቱራና ከቡና መፈልፈያ የሚወጣው ገለባ ነው። የቡና ገለባ ብቻውን ቢከመር ግን ቶሎ አይበሰብስም፤ በውስጡ ያሉት ካፌይንና ታኒን የሚያበሰብሱትን ጥቃቅን ሕዋሳት ሥራ ያዘገያሉ። ከከብት እበት፣ ከአሮጌ ኮምፖስትና ከአትክልት ትራፊ ጋር ሲደባለቅ ግን ሥራው ይፋጠናል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከተቀባ እንጨት የወጣ ሰጋቱራ ፈጽሞ አይግባበት።

ክምሩ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ቢኖረው በውስጡ ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አልፎ ለጥቂት ቀናት ከቆየ የአረም ዘርና አብዛኛውን በሽታ አምጪ ተሕዋስ ይገድላል። በየሁለት ሳምንቱ መገልበጥ፣ ከዝናብ በቆርቆሮ ወይም በላስቲክ መከለል፣ ሲጨመቅ ውሃ ጠብ የማይል ግን እጅን የሚያረጥብ እርጥበት እንዲኖረው ማድረግ ያስፈልጋል። የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታል ወይም አየር አጥቷል፤ ሰጋቱራ ጨምሮ መገልበጥ ነው። በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ የሚፈረፈርና የአፈር ሽታ ያለው ሆኖ ይወጣል። ሥራው የተለየ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ቢሆንም የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ ታሪኩ በ1940ዎቹ ከተቋቋመው የግብርና ትምህርት ቤት የሚጀምር በመሆኑ፣ ምክር ለመጠየቅ ቅርብ ነው።

ገረባስ ምን ይደረግ?

ገረባ፣ ማለትም ከጫት የሚቀረው ቅጠልና እንጨት፣ በራሱ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ቅጠሉና ለስላሳው ጫፍ ኮምፖስት ውስጥ ይገባል፣ ጠንካራው እንጨት ተሰባብሮ ካልሆነ ይዘገያል። ችግሩ ገረባው የታሰረበትና የታሸገበት ፌስታል ነው። ጫት ሻጮቹ ደጃፋቸው ላይ አንድ ጆንያ ለገረባ፣ አንድ ጆንያ ለፌስታል እንዲያስቀምጡ መነጋገር የሰፈሩን የዲች ሥራ በእጅጉ ያቀላል። ሻጮቹን እንደ ጥፋተኛ አድርጎ የሚጀምር ንግግር ግን ከዚያ ወዲያ አይሄድም።

ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠል ባህላችን አይደለምን? ለምን ትከለክላላችሁ?

ማንም የመከልከል ሥልጣን ለበጎ ፈቃደኞች አልሰጠም፤ የምናደርገው መለመን ነው። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ የሚያያዘው በኅዳር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ከፈጀው፣ በዓለም ሁሉ ከተዛመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጋር ነው። በዚያ ዘመን በሽታው የሚመጣው ከቆሻሻና ከመጥፎ ሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር፣ ግቢን ጠርጎ ጥራጊውን ማጠን እንደ መከላከያ ተወሰደ። የተቃጠለውም ቅጠል፣ ጭራሮና ጨርቅ ነበር።

ዛሬ በየክምሩ ውስጥ ያለው ግን ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ፣ በተለይም ከኬብል ሽፋንና ከአሮጌ ሰው ሠራሽ ቆዳ የሚመጣው ዓይነት፣ ዝቅ ባለ ሙቀት ሲቃጠል ዳዮክሲን የተባሉ መርዛማ ውሕዶችን ይለቃል። ጢሱ በጠዋቱ ጉም ሥር ታፍኖ በሰፈሩ ላይ የሚተኛ ሲሆን አስም ያለባቸውን ሰዎችና ሕፃናትን በቀላሉ ያገኛል። ልማዱን የሚወድ ሰው መጥረጉን አጥብቆ ይያዝ፤ ደረቅ ቅጠሉን ለኮምፖስት፣ ፕላስቲኩን ለገንዳ ይስጥ።

ፌስታል ተከልክሏል ወይስ አልተከለከለም?

የ1999ኙ አዋጅ የከለከለው ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑትን ስስ ፌስታሎች ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ክልከላውን አጠንክሮ የፌስታልን ማምረት፣ ማስገባት፣ መሸጥና መጠቀም በቅጣት የሚያስጠይቅ አድርጎታል። ሕጉን የማስፈጸም ሥራ የሚመለከታቸው አካላት ነው፤ የበጎ ፈቃደኛው ድርሻ ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት ይዞ ገበያ በመውጣት ነገሩ እንደሚቻል ማሳየት ነው። በነገራችን ላይ ከጽዳት በኋላ በሚጠጣው ቡና ላይ የፕላስቲክ ኩባያ የሚያድል ቡድን አጋጥሞናል። በቡና ምድር ሲኒ ይጠፋል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

በየመንገዱ ዳር ምን ዓይነት ዛፍ እንትከል?

ከሁሉ በፊት ቦታው ይታይ። ከላይ የመብራት ሽቦ፣ ከሥር የውሃ ቧንቧ ካለ ትልቅ ዛፍ መትከል ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣ ቆራጭ ሥራ ማዘጋጀት ነው። ሰፊ ቦታ ባለበት ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ለአካባቢው የተስማሙ ሲሆኑ የአካባቢው ገበሬ ለቡናው ጥላነት ሲጠቀምባቸው የኖሩ ናቸው። ለጠባብ መንገድ ቁጥቋጦና አበባ ይበቃል። ባሕር ዛፍ ከዲችና ከግንብ አጠገብ አይተከል።

ጉድጓዱ አስቀድሞ በግንቦት ተቆፍሮ፣ ኮምፖስት ገብቶበት፣ ተከላው በሰኔና በሐምሌ ቢሆን ይመረጣል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየዓመቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ማን ያጠጣል የሚለው ነው። በጅማ ደረቁ ወቅት አጭር መሆኑ ሥራውን ያቀላል፦ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ጀሪካን ውሃ የሚያጠጣ ሰው ካልተገኘና ፍየልና ከብት የሚከላከል አጥር ካልተሠራ ችግኙ አይተከል ብንል ማጋነን አይሆንም። እያንዳንዱን ችግኝ ለአቅራቢያው ባለ ሱቅ ወይም ቤት በስም ማስረከብ እስካሁን ካየናቸው መንገዶች ሁሉ ውጤታማው ነው።

ሰፈራችንን በቀለምና በአሮጌ ጎማ ማስዋብ እንችላለን?

አሮጌ ጎማ ላይ አበባ መትከል ያምራል፤ ነገር ግን ሥሩ ካልተበሳ በውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ የወባ ትንኝን ጨምሮ ትንኞች የሚፈለፈሉበት ይሆናል። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚበቃት፣ ውሃ የሚይዝ ዕቃ ሁሉ በየሳምንቱ መደፋት አለበት።

ቀለምን በተመለከተ የባለቤቱ ፈቃድ ከተገኘ የግል አጥር መቀባት ይቻላል። ታሪካዊ ሕንጻዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በአሮጌ እንጨትና በጭቃ የተሠራ በመሆኑ በውሃ ማጠብ፣ ቫርኒሽ መቀባት ወይም ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ማሳመር ሳይሆን ማበላሸት ነው፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ያለ ፈቃድ ቅርስ መጠገን አይቻልም። በዚያ ስፍራ የበጎ ፈቃደኛ ሥራ ግቢውንና ወደ ላይ የሚወስደውን መንገድ ማጽዳት ነው።

መርፌ ወይም ስለታም ነገር ቢወጋንስ?

ከመውጋቱ በፊት መጠንቀቅ ይቀድማል፦ ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ ሳይደረግ ዲች ውስጥ አይገባም፣ የታሰረ ፌስታል በእጅ አይጨመቅም፣ መርፌ ሲታይ በመቆንጠጫ ተነሥቶ ክዳን ባለው ጠንካራ ጀሪካን ውስጥ ይገባና ለቅርብ ጤና ጣቢያ ይሰጣል። ከተወጉ ቁስሉን ሳይጨምቁና በአፍ ሳይመጥጡ ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠይቁ። ልጆች በመንገድ ጠረጋና በአበባ ሥራ ይሳተፉ፤ ዲችና ወንዝ ዳርቻ ግን ለአዋቂዎች ይተው።

ፈቃድ ማውጣት አለብን? ገንዘብስ መሰብሰብ እንችላለን?

ለሰፈር ጽዳት ቀበሌውንና የከተማውን የጽዳትና ውበት ክፍል ማሳወቅ ይበቃል፤ ገንዳና ተሽከርካሪ የሚገኘውም በዚያው በኩል ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም፤ ስለዚህ በዕድር ጥላ ሥር መሥራት ለትንሽ ቡድን ከሁሉም የቀለለው መንገድ ነው። ዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣ መዝገብና ደረሰኝ ስላለው አካፋና ጋሪ ለመግዛት የሚዋጣው ገንዘብም ለሐሜት አይጋለጥም። በመንገድ ላይ ሣጥን ይዞ ገንዘብ መለመንን አንመክርም።

በአደባባይ ቆሻሻ የሚጥል ሰው ስናይ ምን እንበል?

ብዙ ሰው ባለበት አይገሥጹ። ሰውየው በዕድሜ ከፍ ያሉ ከሆነ «ኦቦ»፣ «አዴ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» እንደ ቋንቋቸውና እንደ ለመዱት ተብለው፣ ለብቻቸው፣ በጥያቄ መልክ ይነገራቸው፦ «ጋሼ፣ ጋሪው እዚህ አይመጣም እንዴ?» ብሎ መጠየቅ «ለምን ይጥላሉ?» ከማለት ይሻላል፤ መልሱም ጠቃሚ መረጃ ይዞ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ ጋሪው በዚያ ሰሞን እንዳልመጣ ወይም ገንዳው እንደሞላ ነው።

ያጸዳነው ቦታ በሳምንቱ ተመልሶ ይቆሽሻል። ምን እናድርግ?

ቦታው በጣም የሚመች ስለሆነ ነው የሚቆሽሸው፤ እንደገና ከመጥረግ በፊት ለምን እንደሚመች ይታወቅ። ከቡድኑ አንድ ሁለት ሰው በተለያየ ሰዓት፣ በተለይ ማለዳና ከመሸ በኋላ፣ በአካባቢው ቆሞ ማን ምን እንደሚጥል ይመልከት። የሚጥሉት የቤት ሠራተኞች ከሆኑ ጋሪው የሚያልፈው እነርሱ ወደ ገበያ በሄዱበት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ የሰብሳቢው ማኅበር ሰዓቱን እንዲያዛውር መጠየቅ ነገሩን ይፈታዋል። የሚጥሉት ምግብ ቤቶች ከሆኑ ገንዳው ሩቅ ሆኖባቸዋል ማለት ነው፤ ገንዳ እንዲጠጋ ወይም ቶሎ ቶሎ እንዲነሳ የሰፈሩ ሰዎች ፈርመው ለጽዳትና ውበት ክፍል ያመልክቱ። ማታ በባጃጅ ከሌላ ሰፈር እየመጣ የሚራገፍ ከሆነ ደግሞ የቦታው መብራት መሥራቱን ማየት፣ መግቢያውን በድንጋይ ወይም በአጥር ማጥበብና ለደንብ አስከባሪዎች ሰዓቱን መንገር ይጠቅማል።

ከዚህ በኋላ ቦታው ይጠረግና በዚያው ቀን ሥራ ይሰጠው፦ አግዳሚ ወንበር፣ የአትክልት መደብ፣ የልጆች መጫወቻ ወይም የሊስትሮ ጥላ። ሥራ ካልተሰጠው ግን ገንዳውና ጋሪው እስኪስተካከሉ ድረስ ማጽዳቱን ማዘግየትና ጉልበቱን ወደ ዲቹ ማዞር ይሻላል።